ያልተነዳች መኪና ተጠበቀች አይባልም

«አትንዳት፤ ዋጋዋን ትገድላለህ።» ብርቅ የሆነች አሮጌ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ከደላላው፣ ከጎረቤቱ፣ ከአማቹ፣ አንዳንዴም ከገዛ መካኒኩ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ምክሩ ለጆሮ ይጥማል። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ የፋብሪካ ቀለም፣ ብዙም ያልሄደ ኪሎ ሜትር፤ ቢቻል የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ያልተነሣላት። እንዲህ ያለችውን መኪና ምን ብለው አቧራና ጉድጓድ ውስጥ ይነዷታል? ግቢ ውስጥ ትቁም፣ ሸራ ትልበስ፣ እሑድ እሑድ ሞተሯ ተነሥቶ ይጥፋ፣ እንግዳ ሲመጣ ሸራው ገለጥ ተደርጎ ትታይ። ይህ አሠራር «መጠበቅ» ተብሎ ይወደሳል፤ የሚነዳትም ሰው እንደ አባካኝ ይቆጠራል።

አስተሳሰቡ ከየትም አልመጣም። በእኛ አገር መኪና ከመጓጓዣነቷ በፊት ንብረት ናት። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የገባችው ሁሉ «ከእንግዲህ የማትገኝ» የሚል ማዕረግ አገኘች። ሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ያለቅሳል፤ እኛ ዘንድ ባለመኪናው ሲያረጅባት ይበለጽጋል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው መኪናውን እንደ ባንክ ደብተር ቢያያት አይገርምም።

ቢሆንም አስተሳሰቡ ስህተት ነው። የቆመች መኪና ተጠበቀች አይባልም፤ ቀስ ብላ እየሞተች ነው። የሚጠበቀው ሌላ ነገር ነው፦ ዳሽቦርዱ ላይ የተጻፈች አንዲት ቁጥር። ለዚያች ቁጥር ሲባል ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ ሙያውም፣ ደስታውም ይሠዋል።

ከሞተሩ እንጀምር። መኪና ስትቆም ጊዜ አይቆምላትም። ቤንዚን በወራት ውስጥ ባሕርይውን ይለውጣል፤ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ግማሽ ድረስ የተሞላ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው አየር በሌሊት ብርድ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ከታች ተኝቶ ብረቱን ያዝጋል። ባትሪው ሳይሠራ ይሞታል። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ ቅርጹን ያጣል፤ ጥርሱ ሳይነካ ላስቲኩ ይሰነጠቃል። ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት የላስቲክ ማሸጊያዎች በዘይት ካልራሱ ይደርቃሉ፣ ከደረቁ ያፈሳሉ። ከሁሉም የከፋው የፍሬን ዘይት ነው። ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዓመታት ሲያልፉት ውሃ ያዘለ ዘይት ይሆናል፤ ውሃ ያዘለ ዘይት ደግሞ ሲግል ቶሎ ይፈላል። የፈላ የፍሬን ዘይት ምን እንደሚያደርግ በደሴ መንገድ ላይ ያለው ተራራ፣ ጣርማ በር፣ ስንደርስ እናየዋለን።

«እሑድ እሑድ አስነሣት የለ?» የሚል ይኖራል። ይህ ልማድ ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል። ሞተር ሲነሣ ከሚወጣው ጭስ ጋር ውሃ አብሮ ይፈጠራል። መኪናዋ ተነድታ ሞተሩ በደንብ ካልጋለ ውሃው አይተንም፤ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ማርሚታው ውስጥ ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ ማንደቅደቅ መኪና መንከባከብ አይደለም። ፍሪሲዮኑ አልተነካ፣ ማርሹ አልተለወጠ፣ ፍሬኑ አልተያዘ፣ መሪው አልዞረ። የተሠራው ድምፅ ብቻ ነው።

ወደዚያች ቁጥር እንምጣ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ በመኪና ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለማጭበርበር የሚቀለው መሆኑን አሮጌ መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው አይስተውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ ቁጥሩን አይቶ አይጨርስም፤ ፔዳሎቹ ምን ያህል እንዳለቁ፣ የበሩ ማጠፊያ እንደላላ፣ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ቀለሙ ሁለት ጊዜ እንደተቀባ ይመረምራል። ባለሙያው የማያምነውን ቁጥር ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው ማየት ያሳዝናል። ከመኪና በፊት የነበረውን እናስብ፦ ሸዋ የፈረስና የበቅሎ አገር ነው። ሰጋር በቅሎ ያለው ሰው በቅሎውን የሚያወድሳት በአካሄዷ ነበር፤ «እግሯ መንገድ አይቶ አያውቅም» ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ቢመጣ ገበያው ይስቅበት ነበር። በመኪና ላይ ሲሆን ግን እንዲህ ያለውን ሻጭ አዋቂ እንለዋለን።

ተቃዋሚዎቼ ያላቸውን ትልቁን ማስረጃ አልደብቅም። ማክላረን ኤፍ 1 የምትባለው ስፖርት መኪና በአጠቃላይ የተሠራችው 106 ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዷ ከ400 ኪሎ ሜትር በታች ብቻ የሄደች ሆና እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። እንግዲህ አለመንዳት ገንዘብ ነው፤ ይህ አይካድም። ግን ያንኑ ዓይነት መኪና የእንግሊዙ ኮሜዲያን ሮዋን አትኪንሰን፣ እኛ «ሚስተር ቢን» የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ገዝቶ እንደ ሰው ነዳት፤ ገበያም ሄደባት፣ ልጅም ትምህርት ቤት አደረሰባት። ሁለት ጊዜ አጋጫት። እ.ኤ.አ. በ2011 የደረሰው ግጭት ጥገናው ብቻ 900,000 ፓውንድ ገደማ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሸጣት ቆጣሪዋ 66,000 ኪሎ ሜትር ያህል አሳይቶ ነበር፤ ዋጋዋ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ተባለ፤ ሲገዛት ከከፈለው አሥር እጥፍ በላይ። የመጀመሪያዋ መኪና የበለጠ አወጣች፤ አትኪንሰን ግን አትርፎም ነድቶም ነው። ደግሞም «ከሁሉ ያነሰ የሄደች» የሚለውን ዘውድ የምትጭነው አንዲት መኪና ብቻ ናት። ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋና አሥረኛዋ ደጅ ጠንተው የሚቀሩ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ ለቁጥር ብለው ሚሊዮን ዶላር የሚያፈሱ ጨረታዎች የሉም፤ መሥዋዕቱ አለ፣ ሽልማቱ የለም።

በዓለም እጅግ ውድ ሆና የተሸጠችውም መኪና ትመስክር። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ብቻ የሠራት 300 ኤስ.ኤል.አር. ኡለንሃውት ኩፔ በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። ስሟን ያገኘችው ከመሐንዲሱ ሩዶልፍ ኡለንሃውት ነው፤ እሱም ለሥራ መኪናነት በመንገድ ላይ ይነዳት ነበር። ፌራሪ 250 ጂ.ቲ.ኦ. 36 ብቻ ተሠርታለች፤ የፒንክ ፍሎይዱ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን የራሱን ይዞ ውድድር ሜዳ ሲገባ ኖሯል። እኛ ግቢ ያለችው መኪና ከእነዚህ በምን በልጣ ነው መንገድ የማይነካት?

አሁን ወደ ጣርማ በር። ይህን ቦታ የጠራሁት ለጌጥ አይደለም። ከአዲስ አበባ በለገጣፎ ወጥቶ በሸኖና በጫጫ አልፎ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጨመር ጣርማ በር ይደረሳል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ከፈተበት፤ ለጊዜውም የሙሶሊኒን ስም ለጠፈበት። ሙሶሊኒም ስሙም አለፉ፤ ዋሻው ግን ዛሬም የደሴን መንገድ ያሳልፋል። የኖረው ስለሚተላለፉበትና ስለሚጠግኑት ነው፤ ማንም «እንዳያረጅ» ብሎ አልዘጋውም።

ይህ መንገድ የመኪናን እያንዳንዱን ክፍል በተራ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ረጅሙ ሜዳ ሞተሩን በደንብ አግሎ በዘይቱ ውስጥ የከረመውን ውሃ ያተናል። ከደብረ ብርሃን በላይ አየሩ ይሳሳል፤ ጣርማ በር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሲሦ ያህል ያነሰ ነው። በካርቡራተር የምትሠራ መኪና ጉልበቷን በዚያው ልክ ታጣለች፤ አየር ሲያንስ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ካርቡራተሩን ለደጋ ያስተካክላል። ግቢ የቆመች መኪና ግን ይህ ሁሉ መስተካከል እንዳለበት እንኳ አትናገርም። ዋሻው ውስጥ መብራት ይፈተናል። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የመስታወት መጥረጊያና የጉም መብራት ይፈተናሉ፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የፊት መኪና ፍሬቻ ካልበራ አይታይም።

ትልቁ ፈተና ከዋሻው ማዶ ነው። መንገዱ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ አልፎም ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ቆላ ይዘልቃል። የረጅም መኪና ሾፌሮች ሕጋቸው አጭር ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ይያዛት፤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ንካው። ሕጉን የማያውቅ ሰው ፍሬኑን እየረገጠ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ዘይቱ ለዓመታት እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ከሆነ ይፈላል፤ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ፍረዱ፦ ቁልቁለቱ ላይ አደገኛዋ ማን ናት? በየዓመቱ የፍሬን ዘይቷ የሚቀየርላት፣ ሾፌሯ ጠባይዋን የሚያውቃት መኪና? ወይስ «ተጠብቃ» ኖራ ለልጅ ሠርግ ድንገት ከሸራ የወጣችው?

በዚህ መንገድ የኖሩትን መኪኖች እንይ። ፊያት 682 ኤን 3፣ ሾፌሩ ሁሉ «ኤንትሬ» የሚላት፣ ጣርማ በርን ለአሥርታት ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ማንም ለነገ ብሎ አልሸፈናትም። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ የምትገኘው ሥራ ስለበዛባት ነው፤ ሥራ ያላት መኪና መካኒክ አላት፣ መለዋወጫ አላት፣ ጠባይዋን የሚያውቅ ረዳት አላት። ቮልስም እንዲሁ። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ትነዳለች፤ ስለምትነዳም ዕቃዋ ይፈለጋል፤ ስለሚፈለግም ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ቅንጡ መኪኖች እያሏቸው፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ይዛ የወጣችው አንዲት ቮልስ መሆኗንም አንዘንጋ።

ሳይንቀሳቀሱ የቀሩት ምን ሆኑ? የባቡሩን ታሪክ ተመልከቱ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ሲሠራ በድሬዳዋ ወርክሾፑ የብረት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ባቡሩ ሲቆም ሐዲዱም ሎኮሞቲቩም ባሉበት ቀሩ፤ ሙያው ግን ከጡረተኛው ጋር ወደ ቤት ሄደ። ብረት ሊቆም ይችላል፤ ሙያ ቆሞ አይቆይም። ካርቡራተርን በጆሮው የሚያስተካክል መካኒክ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ የቆመው ልጅ የሚማረው ኮምፒውተር ሰክቶ ስህተት ማንበብ ነው፤ ነገ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ይማራል። መማሩ መልካም ነው። ግን አሮጌዋ መኪና ጋራዥ ካልመጣች ያ ልጅ የሽማግሌውን እጅ የሚያይበት ቀን የለውም። በሃያ ዓመት ውስጥ ኪሎ ሜትሯ ያልሄደ መኪና ይኖረናል፤ ሊያስነሣት የሚችል ሰው ግን አይኖረንም።

ተቃውሞዎቹን አንድ በአንድ ልመልስ። «መለዋወጫ የለም» ይላሉ። የቆመች መኪናም መለዋወጫ ትበላለች፤ ልዩነቱ ጉድለቷ የሚታወቀው ዘግይቶ መሆኑ ነው። «ቤንዚን ተወደደ» ይላሉ። በወር አንድ ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ የሚሄደው ቤንዚን ሞተር ወርዶ ለመጠገን ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። «መንገዱ ያስፈራል፣ የሌላው ሾፌር አነዳድ ያስፈራል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሰሜን ሸዋም በቅርብ ዓመታት ሁሌ ሰላም የነበረ አይደለም፤ መንገዱ ሲታመን ብቻ ይኬዳል። ያልታመነ ጊዜ ጣርማ በር ይቅር፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ አለ፣ የሱሉልታ ሜዳ አለ። አደጋን በኢንሹራንስ፣ በማለዳ ጉዞና በትዕግሥት መቀነስ ይቻላል። ዝገትን በሸራ መቀነስ ግን አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአደራው ነው፦ «እኔ ባለቤት አይደለሁም፣ ጠባቂ ነኝ፤ ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረከብ አለብኝ።» ይህን ቃል አከብራለሁ፤ የምጠይቀው ምን ልታስረክብ ነው የሚለውን ነው። የሚነሣ ሞተር፣ የሚይዝ ፍሬን፣ በየዓመቱ ምን እንደተደረገላት የተጻፈበት ደብተር፣ የሚያውቃት መካኒክ ካስረከብክ አደራህን ተወጥተሃል። የደረቀ ላስቲክና ንጹሕ ቀለም ብቻ ካስረከብክ ያስረከብከው ሐውልት ነው። መነዳት የሌለባቸው መኪኖች እንዳሉም እቀበላለሁ። የታሪክ ሰነድ የሆኑ፣ አንድ ብሎን እንኳ ቢለወጥ ምስክርነታቸው የሚጎድል አሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች ቦታቸው ሙዚየም ነው። ግን ግቢህ ያለችው መኪና የዘውድ መኪና አይደለችም። ፋብሪካ የሠራት ለመንገድ ነው፤ ታሪኳም የሚጻፈው መንገድ ላይ ነው።

ወደ አገራችን የገባችው የመጀመሪያዋ መኪና እንዴት እንደመጣችም እናስታውስ። በ1900 ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ መኪናውን ከጅቡቲ ይዞ ተነሥቶ በሐረር በኩል፣ መንገድ በሌለበት አገር፣ ቦታ ቦታ ላይ በሰው ጉልበት እየተሳበ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ያደረጉት በሸራ መሸፈን አልነበረም፤ ወጡባት። አንኮበርን ከተማ አድርገው በበቅሎ ጀርባ የአካባቢውን ገደል ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ንጉሥ መኪና ምን እንደሆነች ለመረዳት ቀጠሮ አላስፈለጋቸውም።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። መኪናህን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ ሞተሯ በደንብ እስኪግል፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ንዳት። የፍሬን ዘይቷን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቀይር። ለረጅም ጊዜ የምታቆማት ከሆነ ሰልባትዮውን ሙላው፣ የባትሪውን ገመድ ንቀል፣ ጎማው ውስጥ ነፋስ ጨምር። የተደረገላትን ሁሉ ጻፍ፤ ነገ ገዢ ቢመጣ ከቆጣሪው ይልቅ ያ ደብተር ዋጋ ያወጣልሃል። ቦሎዋን በሰዓቱ አስለጥፍ። ለወጣት መካኒክ ኮፈኗን ክፈትለት፤ ሽማግሌው ሲያስተካክላት አጠገቡ ይቁም።

አንድ ነገር ደግሞ አብረን እናድርግ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖችን በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከለንደን ብራይተን ድረስ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ፣ ይነዷቸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፋቸው መኪኖች ይህን ከቻሉ፣ የእኛዎቹ ከ50 እስከ 60 ዓመት የሆናቸው መኪኖች ጣርማ በር የማይደርሱበት ምክንያት የለም። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከክረምት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከአዲስ አበባ ማልደን እንነሣ። ደብረ ብርሃን ላይ ዘይትና ጎማ እንይ፤ ጣርማ በር ላይ ሞተሩን እናብርድ፤ ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዝተን እንመለስ። ለዚህ የሚያስፈልግ ክለብ ወይም ፈቃጅ ቢሮ የለም። ሁለት ባለመኪናና አንድ መካኒክ ከተስማሙ ይበቃል። ለማይስማማው ደግሞ አበው ቀድመው መልሰውለታል፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።